ጉንፋን የያዘው የስኳር ሕመምተኛ ኢንሱሊኑን ለምን አያቋርጥም?

"ስኳር ያለበት ሰው ጉንፋን ቢይዘው ከሌላው ሰው በምን ይለያል?" ይህ ጥያቄ እዚህ ካኩማ በየብሎኩ በምናካሂደው የጤና ትምህርት ላይ ሳይነሣ የሚቀርበት ጊዜ ጥቂት ነው። ጠያቂዎቹም ብዙውን ጊዜ ሕመምተኞቹ ሳይሆኑ ቤት ውስጥ የሚያስታምሙ ልጆች፣ የትዳር ጓደኞችና ጎረቤቶች ናቸው። ጥያቄው አጭር ቢሆንም መልሱ በስብሰባ መጨረሻ በሁለት ደቂቃ ተነግሮ የሚያልቅ ስላልሆነ በዚህ እትም ሰፋ አድርገን ልናቀርበው ወደናል። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በቅድሚያ ስለ ቃሉ ትንሽ እንበል። በእኛ ዘንድ "ጉንፋን" የማይባል ሳል የለም። አፍንጫን አዝረብርቦ በሦስት ቀን የሚለቀውም፣ አጥንትን የሚሰባብረው ኢንፍሉዌንዛም፣ ከ2020 ጀምሮ ዓለምን ያስጨነቀው ኮቪድም ጉንፋን ተብለው ያልፋሉ። ሦስቱንም የሚያመጧቸው ቫይረሶች ናቸው። ካኩማ ላይ ደግሞ አቧራውና የከሰሉ ጭስ ስለሚጨመርበት የሚያስለው ሰው ቫይረስ ይዞት ይሁን አቧራ ነክቶት በዓይን አይቶ መለየት አይቻልም። ስለዚህ የስኳር ሕመምተኛ ትኩሳት፣ የሰውነት መሰባበር ወይም ትንፋሽ ማጠር ከሳሉ ጋር ከመጣበት፣ ስሙን ከመፈለግ ይልቅ ስኳሩን መለካት ይቀድማል።

አደጋው ምን ያህል ነው?

በኮቪድ ጊዜ ይህ ነገር በብዙ አገር ተጠንቷል። በእንግሊዝ አገር ከመጋቢት እስከ ግንቦት 2020 ባሉት የመጀመሪያ ወራት በሆስፒታል ውስጥ በኮቪድ ከሞቱት ሰዎች መካከል ከሦስቱ አንዱ የስኳር በሽታ ነበረበት። ዕድሜና ሌሎች ልዩነቶች ከግምት ገብተው ሲሰላ፣ ዓይነት 2 የሚባለው ስኳር ያለበት ሰው የመሞት ዕድሉ ስኳር ከሌለበት ሰው በሁለት እጥፍ፣ ዓይነት 1 ያለበት ደግሞ በሦስት እጥፍ ተኩል ከፍ ያለ ሆኖ ተገኝቷል። ወደ አህጉራችን ስንመጣ፣ የዓለም ጤና ድርጅት የአፍሪካ ቢሮ በ2021 የ13 አገሮችን መረጃ መርምሮ እንደገለጸው በኮቪድ ከተያዙ የስኳር ሕመምተኞች ውስጥ ከመቶው 10.2 ያህሉ ሞተዋል፤ በጠቅላላው የኮቪድ ሕመምተኛ ዘንድ ግን ይህ ቁጥር ከመቶ 2.5 ነበር።

ነገሩ በኮቪድ የተጀመረ አይደለም። በ2009 "የአሳማ ጉንፋን" የተባለው ኢንፍሉዌንዛ በተስፋፋ ጊዜ በካናዳ ኩቤክ ግዛት የተደረገ ጥናት፣ ስኳር ያለባቸው ሰዎች ሆስፒታል የመተኛት ዕድላቸው በሦስት እጥፍ ከፍ እንደሚል፣ ከተኙ በኋላም ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል የመግባት ዕድላቸው አራት እጥፍ እንደሆነ አሳይቷል። ቫይረሱ ቢለያይም ውጤቱ ተመሳሳይ ነበር ማለት ነው።

እነዚህ ቁጥሮች ሰውን ለማስደንገጥ የተጻፉ አይደሉም። አብዛኛው የስኳር ሕመምተኛ ጉንፋን ይይዘዋል፣ ይድናልም። በጠና የሚታመመውና የማይታመመው በምን ይለያያሉ ብለን ስንጠይቅ ግን፣ ዕድሜና የኩላሊት ወይም የልብ ሕመም ድርሻ እንዳላቸው ሆኖ፣ በእጃችን ያለው ትልቁ ነገር በሕመሙ ቀናት የደም ስኳሩ የደረሰበት ደረጃ ነው። ካኩማ ላይ ይህን የሚወስነው ደግሞ በአብዛኛው ቤት ውስጥ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት የሚሠራው ሥራ ነው።

ሳይበሉ ስኳር እንዴት ይጨምራል?

ብዙዎችን የሚያሳስተው እዚህ ላይ ነው። "ምግብ አልቀመስኩም፣ ታዲያ ስኳሬ ከየት ይመጣል?" ይባላል። ጉበታችን እንደ ጎተራ ነው። በደህናው ጊዜ ስኳር ያከማቻል፤ ሲቸግር ያወጣል። ሰውነት በቫይረስ ሲጠቃ ከሕመሙ ጋር ለመታገል ኮርቲሶልና አድሬናሊን የተባሉ ሆርሞኖችን በብዛት ይለቃል። እነዚህ ሆርሞኖች ጎተራው እንዲከፈት ያዛሉ፤ ጉበትም ያለውን ማውጣት ብቻ ሳይሆን አዲስ ስኳር መሥራት ይጀምራል። ከዚህም በላይ እነዚሁ ሆርሞኖች የኢንሱሊንን ሥራ ያዳክማሉ። ስለዚህ ሕመምተኛው አንድ ጉርሻ ሳይቀምስ ስኳሩ ከወትሮው እጥፍ ሊሆን ይችላል። በሕመም ጊዜ ሰውነት ኢንሱሊን የሚፈልገው ከሌላው ጊዜ አንሶ ሳይሆን በዝቶ ነው።

ስኳሩ ከፍ ሲል ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛው፣ ኩላሊት የተረፈውን ስኳር በሽንት ሊያስወግድ ሲል ውኃውን አብሮ ይወስዳል። ሰውየው ሌሊቱን ሙሉ ሲሸና ያድራል፣ አፉ ይደርቃል። ጥላ ሥር እንኳ 35 ዲግሪ በሚሞቅ አገር፣ ትኩሳትና ማስመለስ ሲጨመሩበት፣ ሰውነት በአንድ ቀን ውስጥ ሊደርቅ ይችላል። ሁለተኛው፣ ኢንሱሊን ከሌለ የሰውነት ሕዋሳት በስኳር ተከበው ስኳሩን መጠቀም ያቅታቸዋል፤ በምትኩም ሰውነት ስብን ያቃጥላል። ከዚህ ቃጠሎ የሚወጣው ኬቶን የተባለ አሲድ ሲጠራቀም ደሙ ይመርዛል። ሐኪሞች ኬቶአሲዶሲስ የሚሉት ይህን ነው። ምልክቶቹ ማስመለስ፣ የሆድ ቁርጠት፣ ጥልቅና ፈጣን አተነፋፈስ፣ እንደ ጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የሚሸት ትንፋሽ፣ በመጨረሻም መፍዘዝና ራስን መሳት ናቸው። ካልታከመ ይገድላል።

ከዚህ ሌላ ከፍተኛ ስኳር የሰውነት ተከላካይ የሆኑትን ነጭ የደም ሕዋሳት ያደነዝዛል። ቫይረሱ ሳንባን ካቆሰለ በኋላ በላዩ ላይ የባክቴሪያ የሳንባ ምች ለመጨመር መንገድ ያገኛል። የደም መርጋትም በስኳር ሕመምተኞች ላይ ይበዛል።

የአንዲት እናት ታሪክ

በብሎካችን የሚኖሩ አንዲት እናት ታሪካቸው ስማቸው ሳይጠቀስ እንዲጻፍ ፈቅደውልናል። ዕድሜያቸው ከ50 ያለፈ ሲሆን ጠዋትና ማታ ኢንሱሊን ይወጋሉ። ጉንፋኑን ከትምህርት ቤት ያመጡት የልጅ ልጆቻቸው ነበሩ። ልጆቹ በሦስት ቀን ተነሡ፤ እሳቸው ግን በትኩሳት ተኙ። የምግብ ፍላጎታቸው ጠፋ። ልጃቸው መርፌውን ብታቀርብላቸው "ባዶ ሆዴን ብወጋው ይጥለኛል" ብለው መለሱላት። ይህ የሞኝ ንግግር አልነበረም፤ ከዓመት በፊት ምግብ ሳይበሉ ተወግተው ላብ አጥምቋቸው መንገድ ላይ ወድቀው ያውቁ ነበር። ልጃቸውም እናቷ እንዳይደክሙ በማለት ሻይ በማርና በዝንጅብል በላይ በላዩ ሰጠቻቸው።

በሦስተኛው ቀን ማስመለስ ጀመሩ። አተነፋፈሳቸው ፈጠነ። ጎረቤቱ ተሰብስቦ አንዱ ምች ነው፣ ሌላው ኮቪድ ነው ሲል ዳማከሴ ተፈለገ። በዚህ መሐል የአጎበር ቁጥር ለመመዝገብ በየቤቱ የምትዞር በጎ ፈቃደኛ ገባች። ወጣቷ ነርስ አይደለችም፤ የሰባት ቀን ሥልጠና ብቻ ነው የወሰደችው። ጎንበስ ብላ "እማማ፣ መርፌዎን መቼ ነው የወጉት?" ብላ ጠየቀቻቸው። መልስ ሲያጡ ልጃቸው "ከትናንት ወዲያ" አለች። ወጣቷ መዝገቧን አስቀምጣ ቦዳ ቦዳ ጠራች።

ሆስፒታል ሲደርሱ የስኳር መለኪያው ቁጥር ማሳየት አልቻለም፤ "ሃይ" የሚል ቃል ብቻ ጻፈ። በደም ሥር ፈሳሽ፣ ኢንሱሊንና ፖታሲየም እየተሰጣቸው ኦክስጅንም ተደርጎላቸው ሁለት ሌሊት በሞትና በሕይወት መካከል ቆዩ። በስምንተኛው ቀን በእግራቸው ወጡ። በዚያው ሰሞን በተመሳሳይ ሁኔታ በአምስተኛው ቀን የመጣ አንድ የ40 ዓመት ሰው ግን ሌሊቱን አላለፈም። እንደ ጤና ባለሙያ የምታዘበው፣ በሁለቱ መካከል የነበረው ልዩነት የሕክምናው ዓይነት ሳይሆን የሁለት ቀን መዘግየት እንደነበረ ነው።

መድኃኒቱን ምን እናድርገው?

ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ቢታመምም ኢንሱሊኑን ፈጽሞ አያቁም። ይህ በተለይ ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚወጉትን፣ ዓይነት 1 ያለባቸውን ይመለከታል፤ እነሱ ኢንሱሊን ካቆሙ ኬቶአሲዶሲስ በአንድ ቀን ውስጥ ሊጀምራቸው ይችላል። መጠኑ ግን ሊቀየር ይችላል። አንዳንዱ መጨመር፣ ፈጽሞ ያልበላ ወይም የተደባለቀ ኢንሱሊን የሚወጋው ደግሞ መቀነስ ያስፈልገው ይሆናል። ይህን የሚወስነው መለኪያው ያሳየው ቁጥርና ክሊኒኩ ነው እንጂ ግምት አይደለም። ቤት ውስጥ መለኪያ ያለው በየአራት ሰዓቱ ይለካ። መለኪያ የሌለውና መብላት ያቃተው በዚያው ቀን ክሊኒክ ሄዶ ይለካ፤ ነገን አይጠብቅ።

እኚያ እናት የፈሩት ነገርም እውነት ነው። ስኳር ከመጠን በላይ ሊወርድ ይችላል። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ግራ መጋባት ከታየ፣ ወይም መለኪያው ከ4 በታች ካሳየ፣ መዋጥ ለሚችል ሰው አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ መስጠትና ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና መለካት ነው። ራሱን ለሳተ ሰው በአፉ ምንም አይሰጥም፤ ወዲያው ወደ ሆስፒታል ይወሰዳል።

የሚዋጡት እንክብሎች ከኢንሱሊን ይለያሉ። ሜትፎርሚን የሚወስድ ሰው የሚያስመልሰው፣ የሚያስቀምጠው ወይም ውኃ መጠጣት ያቃተው ከሆነ እስኪሻለው ድረስ ሊያቆመው ይገባል፤ ሰውነት ደርቆ ኩላሊት ሲደክም መድኃኒቱ በደም ውስጥ ተጠራቅሞ ሌላ ዓይነት የአሲድ መመረዝ ሊያመጣ ይችላል። ግሊቤንክላማይድ ደግሞ ሰውየው ባይበላም ስኳሩን መጫኑን አይተውም፤ ስለዚህ ምግብ ያቋረጠ ሰው ቀጣዩን ኪኒን ከመዋጡ በፊት ክሊኒኩን ይጠይቅ። እንክብል ያቆመ ሰው ስኳሩ ሊወጣ ስለሚችል መለካቱን አይተውም። "ኪኒን ሊቆም ይችላል" የተባለውን "ኢንሱሊንም ይቆማል" ብሎ የሚያሰራጭ ሰው ቢኖር እባካችሁ አርሙት።

14 ዝቅተኛ ቁጥር አይደለም

በዚህ አጋጣሚ ስለ መለኪያው አንድ ነገር መናገር ያስፈልጋል። ከኢትዮጵያ የመጣን ሰዎች የለመድነው 120፣ 180፣ 250 የሚለውን አቆጣጠር ነው። ኬንያ ውስጥ ያሉት መለኪያዎች ግን በአብዛኛው በሌላ አቆጣጠር 6፣ 10፣ 14 እያሉ ያነባሉ። አንድ ሽማግሌ መለኪያው 14 ሲል "ተመስገን፣ ወርዶልኛል" ብለው ለቤተሰቡ ሲያበሥሩ ሰምቻለሁ። 14 ማለት በለመድነው አቆጣጠር 252 ነው። ቁጥሩን በ18 ማባዛት ነው፤ ስልክ ያለው ሁሉ ሊያሰላው ይችላል። በሕመም ቀን ቁጥሩ ሁለት ጊዜ ተለክቶ ከ15 በላይ ከሆነ፣ ማለትም ከ270 በላይ፣ ጤና ጣቢያ መሄድ ይገባል። ማስመለስ ካለ ግን ቁጥሩ ከዚያ በታች ቢሆንም አይጠበቅም። ከላይ የጠቀስነው "ሃይ" የሚለው ቃል ደግሞ ስኳሩ መለኪያው ሊያነብ ከሚችለው በላይ መሆኑን ነው የሚናገረው፤ በብዙዎቹ መለኪያዎች ይህ ከ33 ወይም ከ600 በላይ ማለት ነው። ሰላምታ አይደለም።

ማር፣ ለስላሳና ኦ.አር.ኤስ

ጉንፋን ሲይዘን ማር በዝንጅብል፣ ፌጦ፣ ነጭ ሽንኩርት ማዘጋጀት የአገራችን ወግ ነው። ነጭ ሽንኩርቱና ዝንጅብሉ ስኳር አይጨምሩም፤ ለጉሮሮም ቀለል ይላሉ። ማሩ ግን አንድ የሾርባ ማንኪያው 17 ግራም ያህል ስኳር አለው። በቀን አምስት ብርጭቆ የማር ሻይ የሚጠጣ ሰው ምን ያህል እንደሚወስድ ማስላት አያዳግትም። ጠያቂ ይዞት የሚመጣው አንድ ጠርሙስ ለስላሳም 30 ግራም ገደማ ስኳር ይዟል። ጠያቂውን አናሳፍር፤ ለስላሳውን ለልጆች ሰጥቶ ሕመምተኛውን ውኃ ማጠጣት ይቻላል።

ኦ.አር.ኤስ ስኳር ስላለው ብዙ የስኳር ሕመምተኞች ይፈሩታል። በአንድ ሊትር ውስጥ ያለው ግሉኮስ 13.5 ግራም ብቻ ነው። ተቅማጥ ወይም ማስመለስ ላለበት ሰው ከዚህ ስኳር ይልቅ የሰውነት ድርቀቱ ይበልጥ ስለሚጎዳው ስኳሩን እየተለካ ሊጠጣው ይችላል። ትኩሳት ብቻ ላለበት ግን ንጹሕ ውኃ፣ በየሰዓቱ አንድ ብርጭቆ ያህል፣ በቂ ነው። ልቡ ወይም ኩላሊቱ ታምሞ ውኃ እንዲቀንስ የተነገረው ሰው ሐኪሙን ሳይጠይቅ ይህን አያድርግ። ምግብ እንቢ ሲል ቀጠን ያለ አጥሚት ወይም ሾርባ ጥቂት ጥቂት መስጠት ይቻላል። በጾም ላይ ያለ ሰው ከታመመ ከንስሐ አባቱ ጋር ወይም ከሃይማኖት አባቱ ጋር ይነጋገር፤ በሕመም ለተያዘ ሰው ጾምን ማላላት በክርስትናውም በእስልምናውም ያለ ነገር ነው። ጠበል የሚሄዱ ወገኖችም ኢንሱሊናቸውን ይዘው ይሂዱ።

በ2025 የምግብ ዕርዳታው በጣም ከተቀነሰ ወዲህ ይህን ሁሉ መጻፍ ለእኛም ይከብደናል። "ምግብ ሳይኖር ምን እንብላ?" ለሚለው መልስ ይህ ጽሑፍ አይበቃም። ነገር ግን የሚበላ ያጣ ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ይህንኑ ለክሊኒኩ በግልጽ ይንገር። ነርሷ የኢንሱሊኑን መጠን የምታዝዘው ሰውየው ይበላል ብላ ነው፤ ካልነገራት የምታውቅበት መንገድ የላትም።

ሆስፒታል የተኛው ሰው ለምን በየጊዜው ጣቱ ይወጋል?

ቤተሰብ ብዙ ጊዜ ቅር ይሰኛል። "በሳል የመጣ ሰው ጣቱን እየወጉ ያሠቃዩታል" ይላሉ። በጠና የታመመ የስኳር ሕመምተኛ ስኳሩ በሰዓታት ውስጥ ወደ ላይም ወደ ታችም ስለሚዋዥቅ ነው። በተለይ ኦክስጅን የሚያስፈልገው የኮቪድ ሕመምተኛ ዴክሳሜታዞን የተባለ መድኃኒት ይሰጠዋል። ይህ ርካሽና የቆየ መድኃኒት በሰኔ 2020 በእንግሊዝ አገር በተደረገ ትልቅ ሙከራ በመተንፈሻ መሣሪያ የሚረዱ ሕመምተኞችን ሞት በአንድ ሦስተኛ፣ ኦክስጅን ብቻ የሚወስዱትን ደግሞ በአንድ አምስተኛ እንደሚቀንስ ተረጋግጧል። ሕይወት አድን ነው። ነገር ግን ስኳርን ወደ ላይ ያስወነጭፋል። ሐኪሙ መድኃኒቱን መስጠቱንም ኢንሱሊኑን መጨመሩንም አብሮ ነው የሚያስኬደው፤ ጣት የሚወጋውም ለዚህ ነው።

በዚያው ሙከራ ኦክስጅን የማያስፈልጋቸው ሰዎች ከዴክሳሜታዞን ጥቅም አላገኙም። ስለዚህ ከገበያ፣ ከየኬሚስቱ ለሳል ተብሎ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚገዛው ዴክሳሜታዞን ወይም ፕሬድኒሶሎን ለስኳር ሕመምተኛ ጉዳት እንጂ ፈውስ አይደለም። በ2021 በሕንድ ሁለተኛው የኮቪድ ማዕበል ሲነሣ የታየው ከባድ ነገር አለ፤ "ጥቁር ፈንገስ" የተባለ፣ ከአፍንጫ ተነሥቶ ዓይንና አንጎልን የሚበላ በሽታ ከ40 ሺህ በላይ ሰዎችን ያዘ። ከተያዙት የሚበዙት ስኳራቸው ያልተቆጣጠረና እንዲህ ያሉትን መድኃኒቶች የወሰዱ ነበሩ።

ሌላው ቅሬታ ተቃራኒው ነው፤ "ስኳሩ 9 ሆኖ ሳለ ለምን አያወርዱለትም?" የሚል። በ2009 የታተመ፣ በአውስትራሊያ፣ በኒውዚላንድና በካናዳ ጭምር ከ6 ሺህ በላይ የጽኑ ሕሙማን የተካተቱበት ጥናት ስኳራቸው እንደ ጤነኛ ሰው ዝቅ እንዲል የተደረጉት ይበልጥ እንደሞቱ አሳይቷል። ስለዚህ በጠና ለታመመ ሰው ግቡ ከ8 እስከ 10 አካባቢ ነው። ዘመድ ሳያስታውቅ ጭማቂ ሲያጠጣው ወይም ራሱ ኢንሱሊን ሲጨምርለት ይህ ሁሉ ስሌት ይፈርሳል። በኬቶአሲዶሲስ የተያዘ ሰው ኢንሱሊን ሲሰጠው በደሙ ውስጥ ያለው ፖታሲየም ስለሚወርድ ልብ ሊቆም ይችላል፤ ይህም ሕክምና ቤት ውስጥ የማይሞከርበት ምክንያት ይኸው ነው።

ስኳር እንዳለበት የማያውቀው

በካምፓችን ትኩሳት ሲነሣ መጀመሪያ የሚታሰበው ወባ ነው፤ ተገቢም ነው። የወባው ምርመራ ነጻ ከሆነ በኋላ ግን የሚያስመልስ፣ የሚከሳ፣ ሌሊት የሚሸና፣ በጣም የሚጠማ ልጅ ወይም ወጣት ካለ ስኳሩ እንዲለካ ጠይቁ። ዓይነት 1 ስኳር በልጅ ላይ ብዙውን ጊዜ የሚገለጠው በቫይረስ ሕመም መሐል ነው። "ስኳር የወፍራም ሰው በሽታ ነው" የሚለው አባባልም ብዙ ሰው አዘናግቷል። በልጅነት ረሃብ ምክንያት በቀጫጭን ወጣቶች ላይ የሚታየውን የስኳር ዓይነት ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን በሚያዝያ 2025 "ዓይነት 5" ብሎ ሰይሞታል። ረሃብን አሳልፈን የመጣን ሰዎች ይህን ልናውቀው ይገባል።

ለበጎ ፈቃደኞች

ስኳር ያለበት ሰው የሚኖርበትን ቤት በመዝገባችሁ ላይ ምልክት አድርጉበት። በጉንፋን ሰሞን መጀመሪያ የምትገቡት እዚያ ቤት ይሁን። "እንዴት ነዎት?" ብላችሁ "ይመስገን" ከተባላችሁ አትውጡ፤ መርፌውን መቼ እንደወጉ፣ ውኃ ጠጥተው እንደሆነና አስመልሷቸው እንደሆነ ጠይቁ። አተነፋፈሳቸውን ቁጠሩ። አዋቂ ሰው ተቀምጦ ሳለ በደቂቃ ከ30 በላይ ከተነፈሰ ጊዜ የለም። ጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያ የተሰጣችሁም ከ94 በታች ካነበበ ወደ ክሊኒክ፣ ከ90 በታች ከሆነ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ላኩ። በኮቪድ ጊዜ ኦክስጅናቸው ወርዶ ሳለ እየተጫወቱ የሚያወሩ ሰዎች አጋጥመዋል፤ ስለዚህ ሰውየው ስላወራ ብቻ ደህና ነው አይባልም።

ኢንሱሊኑ ራሱ በሙቀት ተበላሽቶ እንደሆነም መጠየቅ ተገቢ ነው። በዚህ ረገድ መልካም ዜና አለ። ድንበር የለሽ ሐኪሞችና የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ በዳዳብ፣ ዳገሃሌይ ካምፕ ቤቶች ውስጥ የተለካውን ሙቀት መሠረት አድርገው ያካሄዱትና በ2021 የታተመ ጥናት፣ ኢንሱሊን ከ25 እስከ 37 ዲግሪ በሚዋዥቅ ሙቀት ውስጥ ለአራት ሳምንት ኃይሉን እንደጠበቀ አረጋግጧል። ማቀዝቀዣ ስለሌለ ብቻ ኢንሱሊን ቤት አይቀመጥም ማለት አይቻልም። ቆርቆሮ ሥር የተንጠለጠለ ወይም ፀሐይ የሚያገኘው ግን ከ37 በላይ ይግላል። በእርጥብ አሸዋ ውስጥ በተቀበረ የሸክላ ማሰሮ፣ በጥላ ቦታ፣ ውኃ በማያስገባ ላስቲክ ተጠቅልሎ ቢቀመጥ ይሻላል። የተከፈተበትን ቀን ጠርሙሱ ላይ መጻፍ አይረሳ።

ክትባትን በተመለከተ፣ ኬንያ የኮቪድ ክትባትን በመጋቢት 2021 ስትጀምር ስደተኞችንም አካትታለች። የዓለም ጤና ድርጅት በግንቦት 2023 አስቸኳይ ሁኔታው ማብቃቱን ቢገልጽም ቫይረሱ አሁንም ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል። ክትባት የወሰደ የስኳር ሕመምተኛ ቫይረሱ ቢይዘው በጠና የመታመም ዕድሉ ይቀንሳል። ያልተከተበ ሰው ለቀጠሮ ክሊኒክ ሲመጣ የትኛው ክትባት እንዳለ ይጠይቅ።

በሌሊት ወደ ሆስፒታል የሚወሰድ የስኳር ሕመምተኛ ያለበት ቤተሰብ የሕክምና ደብተሩን፣ የሚወጋውን የኢንሱሊን ጠርሙስና የሚውጣቸውን እንክብሎች ከነማሸጊያቸው በአንድ ላስቲክ ከበር አጠገብ ሰቅሎ ያስቀምጥ። የተረኛው ነርስ የመጀመሪያ ጥያቄ "ምን ይወስዳል? መጨረሻ የወሰደው መቼ ነው?" የሚል ስለሆነ፣ የመጨረሻውን ሰዓት በደብተሩ ጀርባ በእርሳስ መጻፍ በቂ ነው። ላጋው ሞልቶ መንገድ በሚቆረጥበት ሰሞን ደግሞ ውኃው እስኪጎድል ከመጠበቅ በብሎክ መሪው በኩል ለአምቡላንስ መደወል ይቀድማል፤ የብሎክ መሪዎችም ቁጥሩን ሁሉም ሰው በሚያየው ቦታ ይለጥፉት።